ተሸንፎ ማደር

«ዛሬም መጥቷል» አለች ሥርጉት፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ወደ የኔነሽ ጆሮ ጎንበስ ብላ። «ሊፍቱ ጋ ቆሟል። እንደ ትናንቱ።»

የኔነሽ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ከፍራሹ ላይ ሳትነሳ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰችና «ይቁም» አለች።

«በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ያየዋል እኮ።»

«አልጠራሁትም፣ አላባረርኩትም። ይቁም።»

ሥርጉት ከንፈሯን መጠጠችና ትሪውን ይዛ ወደ ሌሎቹ ለቀስተኞች አለፈች። ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ውስጥ እዚሁ ሕንፃ ላይ በር ለበር ከኖሩ ብዙ ዓመታቸው ነው። የኔነሽ ባሏ የሞተባት ዕለት ሶፋውን ገፍታ በረንዳ ላይ ያወጣችው፣ ከየፎቁ ወንበር የለመነችው፣ ፍራሽ ያነጠፈችው፣ ስልክ የምታነሳውም እሷው ናት። ቀብሩ ትናንት ሆኗል። ለቀስተኛው ግን ገና አልቀነሰም። ከሥራ የወጣው ሁሉ ከነዩኒፎርሙ እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ» ይልና ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ሹክሹክታ አያጣም። ሰዎቹ ሁለት ነገር ነው የሚንሾካሾኩት። አንደኛው፣ የኔነሽ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አለማፍሰሷ ነው። ቀብር ላይ እንኳ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ እንደ ድንጋይ ቆማ ነበር። ሁለተኛው፣ አሁን ሊፍቱ ጋ የቆመው ሰው፣ ሽፈራው ነው።

ባሏ አስማማው የሞተው ዓርብ ነው። ሐሙስ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የዘጠና አምስቱ ምርጫ ነበር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከመስኮት ፋብሪካው በወጣ ቁጥር ቀይ ባጁን ደረቱ ላይ ሰክቶ የሕንፃውን በር ሁሉ ሲያንኳኳ የከረመለት የሊበራል ፓርቲ፣ ያሸንፋል ሲባል ቆይቶ ተሸነፈ። ዓርብ የኔነሽ ከምትሠራበት የሆስፒታል ወጥ ቤት ስትመለስ፣ አስማማውን ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ተቀምጦ አገኘችው። የተኛ መስሏት ቴሌቪዥኑን አጠፋችለት።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ለቀስተኛው ግን የራሱ ምርመራ ነበረው። «አንጀቱ አርሮ ነው። ሽንፈቱ ነው የገደለው» አሉ። ከዚያም ሌላ ተጨመረ። ዓርብ ጠዋት ጥግ ላይ ካለው ምግብ ቤት አስማማውና ሽፈራው ፊት ለፊት ተቀምጠው ታይተዋል። አስማማው ጠረጴዛውን በእጁ ሲደበድብ፣ ፊቱ ቀልቶ ነበር ተባለ። ሽፈራው ያሸነፉት የኮንሰርቫቲቮቹ ሰው ነው፤ ሰማያዊ ባጅ ነበረው። «ተሳልቆበት መሆን አለበት» አሉ። «ያኔ አገር ቤት ያልጨረሰውን እዚህ ጨረሰው።»

ያኔ አገር ቤት የሚባለውን የኔነሽ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

አስማማውና የየኔነሽ ወንድም ይመር፣ ደሴ ከተማ ሳሉ፣ አንድ ፓርቲ ውስጥ ነበሩ። ሽፈራው ደግሞ በሌላኛው፣ ከደርግ ጋር በተጠጋው። ሁለቱ ፓርቲዎች ሲገዳደሉ ከረሙና ይመር አንድ ቀን ጠዋት መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ሃያ ዓመት አልሞላውም። የቀበሌው ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ለቅሶ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ ሰው መሰብሰብ የለም አሉ። እናቷ ጓዳ ገብታ ትራስ ነክሳ ዋለች። የኔነሽም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ድምፅዋን ዋጠችው። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። አባቷም ሲሞቱ፣ በሱዳን በረሃ የመጀመሪያ ልጇን ስትቀብርም አልወጣም። እንደተዋጠ ቀረ።

ስለዚህ ፓርቲ የሚባል ነገር መስማት አትወድም። ሐሙስ ጠዋት አስማማው ባጁን ሲሰካ አይታ፣ «ሂድ! ፓርቲህ ይቅበርህ!» ብላው ነበር። እሱ ሳቀና ወጣ። ማታ ሲገባ እሷ ተኝታለች፤ ንጋት ላይ ስትወጣ እሱ ተኝቷል። ከዚያች ቃል ሌላ አልተነጋገሩም።

ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የምታላምጠው ይህንኑ ነው። ሰውዬው አዝኖ፣ ተዋርዶ፣ እሷም ረግማው ሄደ።

በሩ ተንኳኳና አንዲት ነጭ አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ ገቡ። በሌላ እጃቸው በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ሳንዱች የሞላበት ትሪ ይዘዋል። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያዩ፣ የኔነሽ ልጅ ጸዮን «ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ» እያለቻቸው፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ። ሁለት ሴቶች ደግፈው ፍራሹ ላይ፣ የኔነሽ አጠገብ አስቀመጧቸው።

ዶሮቲ ነበሩ። የኔነሽ ታውቃቸዋለች፤ ደህና አድርጋ ያነጋገረቻቸው ግን አንድም ቀን የለም።

በሰማንያ ሰባቱ ምርጫ እኚሁ ሴትዮ ቀይ ኮፍያ አድርገው በሩን ሲያንኳኩ የከፈተችው የኔነሽ ነበረች። ባልሽ አለ ወይ፣ ስሙ ማነው፣ ለማን ነው የምትመርጡት አሏት። ስም የሚጠይቅና ፓርቲ የሚጠይቅ ሰው በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚከተል ታውቃለች። «የለም! ባል የለኝም!» ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ አስማማው ከኋላዋ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ «አለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶሮቲ ሰው ሆነ።

ለነገሩ ልቡ የተነካው ከዚያ በፊት ነው፤ በሰማንያ አምስት፣ በሰኔ። ቶሮንቶ ከገቡ ገና ብዙ አልቆዩም። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ፣ ክፍለ ሀገሩን አርባ ሁለት ዓመት የገዛው የኮንሰርቫቲቮቹ መንግሥት ምክር ቤት ውስጥ በድምፅ ወደቀ አለ። አስማማው ብድግ አለ።

«የኔነሽ፣ ገንዳውን ውሃ ሙይው!»

«ምን መጣ?»

«መንግሥት ወድቋል!»

እየሮጠ ወርዶ ዳቦ፣ ስኳርና ሻማ ተሸክሞ መጣ። ግራ ገብቶታል። «ባለሱቁ የኳስ ጨዋታ ነው የሚያዳምጠው» አላት። «አልሰማም መሰለኝ። ልንገረው ብዬ እንግሊዝኛው አልመጣልኝ አለ።» መጋረጃውን ዘጉ። ጥይት በመስኮት እንዳያገኛቸው ሦስቱም በመኝታ ቤቶቹ መሐል ወለል ላይ አንጥፈው ተኙ። ጸዮን ሕፃን ነበረች፤ ጨዋታ መስሏት ስትፍነከነክ አመሸች። ሲነጋ አስማማው መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። አውቶቡሱ ያልፋል። አንዲት ሴት ውሻዋን ታንሸራሽራለች። ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የወደቀውና የወጣው ሰውዬ ጎን ለጎን ቆመው እየተነጋገሩ ነው። ከፊቱ ቆሞ፣ ሥራው ረፍዶበት፣ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ተጨባበጡ» አላት። «አየሽ? ተጨባበጡኮ።»

«ገንዳ ሙሉ ውሃ ምን ላድርገው?» አለች የኔነሽ።

«ታጠቢበት!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ከስደት ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማችውም ነበር። ወደ ሥልጣን የመጡት ሊበራሎቹ ናቸው ተባለ። እሷ ገላዋን ታጠበችና ረሳችው። እሱ ግን አልረሳውም።

ዶሮቲ የኔነሽን እጅ ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛና ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ቀስ እያሉ ተናገሩ፤ ጸዮን አንዳንዱ ቃል እየጠፋት ተረጎመችላት።

«በአርባ ሦስት ስንወድቅ ወጣት ነበርኩ አለች፣ ማሚ። ከአባቷ ጋር ወረቀት ታድል ነበር። ከዚያ በየምርጫው... ተሸነፉ። አንዳንዴ ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ሦስተኛ። አባቷ ሞተ፣ ሳያሸንፉ። ባሏም ሞተ፣ ሊያሸንፉ ጥቂት ሲቀር።»

«ውይ» አለች ሥርጉት ከወዲያ።

«ከዚያ አሸነፉ። በሰማንያ ሰባት በጣም አሸነፉ። በዘጠና ደግሞ ኮሩና፣ ጊዜው ሳይደርስ ምርጫ ጠሩ፤ ሰው ተናደደባቸው። ወደቁ። አሁንም ወደቁ።» ጸዮን ቆም ብላ አሮጊቷን ሰማች። ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ፣ ዳዲ ስለ ማሸነፍ ጠይቋት አያውቅም አለች። ስለ መሸነፍ ነው የሚጠይቃት። ‹የተሸነፋችሁ ቀን ማታ የት ሄዳችሁ?› ይላታል። ‹ቤታችን› ትለዋለች። ‹በማግስቱስ?› ‹ሥራ።› ‹ማንም አልመጣባችሁም?› ‹ጎረቤት መጣ፣ ኬክ ይዞ።› እንደገና ንገሪኝ ይላታል። ሁልጊዜ። ላይክ... እንደ ተረት።»

የኔነሽ አሮጊቷን ትኩር ብላ አየቻቸው። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ባሏ ከእኚህ ሴትዮ ዘንድ ምን እንደሚፈልግ አልገባትም ነበር። ሹመት የሚመኝ፣ ወይም ያኔ የጀመረውን እሳት እዚህ የሚያራግብ ይመስላት ነበር።

«ሐሙስ ማታ አዝኖ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው» አለች።

ጸዮን ጠየቀች። ዶሮቲ አልዋሹም። «አዎ፣ ሁላችንም አዝነን ነበር። እሱ ወንበር ሲያጣጥፍ ቆየና ‹ሰኞ እንገናኝ› ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። የኔነሽ ወደ ልጇ ዞረች።

«ጸዮን፣ ሊፍቱ ጋ ያለውን ሰውዬ ጥሪው።»

ለቀስተኞቹ ሁሉ ቀና አሉ። ሥርጉት «የኔነሽ፣ ተይ፣ ዛሬ ባይሆን...» ብላ ጀምራ፣ የጓደኛዋን ዓይን ስታይ ተወችው።

ሽፈራው ገባ። ረጅም ነው፣ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። የዝናብ ካፖርቱን አላወለቀም፤ ቶሎ እንደሚባረር የተዘጋጀ ይመስላል። ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው መሐል ቤት ቆሞ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ከለቀስተኛው መሐል የመለሰለት የለም።

«ተቀመጥ» አለችው የኔነሽ። ተቀመጠ። «ዓርብ ጠዋት ባሌን ምን አልከው?»

«እኔ አልጠራሁትም እህቴ። እሱ ነው የደወለልኝ።»

«ያህ፣ ዳዲ ነው የደወለው» አለች ጸዮን ከበሩ ጋ ቆማ። «ተኝቼ ሰምቼዋለሁ። ‹ሽፈራው!› እያለ ይጮህ ነበር። የሚጣላ መስሎኝ ነበር።»

«ይጮህ ነበር፣ እውነቷን ነው» አለ ሽፈራው። «ምን ይለኛል፣ ‹ትናንት በቴሌቪዥን የኛ መሪ ወጥታ የናንተን እንኳን ደስ አለህ አለችው። ታዲያ እኔ ላንተ ሳልል ልቀር ነው? እንኳን ደስ አለህ! ና ቁርስ እንብላ!›»

«ትነጋገሩ ነበር እንዴ?» አለች የኔነሽ። «ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጎን ለጎን አትቆሙም ነበር።»

«በዚህ ምርጫ ነው የተነጋገርነው። እኔ ከዚያኛው ጫፍ፣ እሱ ከዚህኛው ጫፍ በር እያንኳኳን መጥተን መሐል ኮሪደር ላይ ተፋጠጥን። መሮጫ የለም። እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው። ‹በል እኔ ያንኳኳሁትን አታንኳኳ፣ ሰው ይሰለቻል› አለኝ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ስንተላለፍ ሰላም እንባባላለን። ለእርስዎ ሊነግርዎት ፈርቶ ነበር።»

ዶሮቲ ንግግሩ ባይገባቸውም ዓይናቸውን ከሽፈራው አልነቀሉም።

«ምግብ ቤቱ ስገባ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሊያኮርፍ ነው ብዬ ነበር። ጭራሽ! ጠረጴዛውን በእጁ እየደበደበ፣ እስኪቀላ እየሳቀ፣ ‹ተሸንፌ አደርኩ!› ይለኛል። ‹አየህ ሽፈራው? ተሸንፌ አደርኩ! ፒጃማዬን ለብሼ፣ ጫማዬን አልጋ ሥር አድርጌ! እስኪነጋ ለጥ ብዬ!›» ሽፈራው በካልሲ የቀረ እግሩን አየት አደረገ። «ያኔ እኛ ስንሸነፍ ከነጫማችን ነበር የምንተኛው፣ ከተኛን። እርስዎ ያውቁታል። እና እንቁላል አዘዘ። እሱን በልቶ ደግሞ ሌላ አዘዘ።»

«እንቁላል?» አለች የኔነሽ።

«አዎ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሐኪሙ ከልክሎታልኮ!»

«ነግሮኛል» አለ ሽፈራው አንገቱን ደፍቶ። «‹ለየኔነሽ እንዳትነግራት› ብሎኝ ነበር።»

ከየኔነሽ ጉሮሮ አንድ ነገር አመለጠ። ሥርጉት ደንግጣ ትሪውን አስቀመጠች። ሳቅ ነበር። የኔነሽ አፏን በመዳፏ ከደነች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። ጥቁር ለብሰው የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና አንዷ ሳታስበው ፈገግ አለች።

«ከዚያስ?» አለች የኔነሽ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ከዚያ ስለ ወንድምዎ አነሳ። ስለ ይመር። ‹እሱም እንዲህ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ› አለኝ፣ ‹ይሄኔ ራሰ በራ ሆኖ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ከኔ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።› ከዚያ ደግሞ ‹ያንተም አዲስአለም› አለኝ። አዲስአለም ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱም በዚያው ሰሞን ነው የተገደለው፣ በናንተ ወገን ሰዎች። ስሙን የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ‹አዲስአለምም ራሰ በራ ይሆን ነበር› አለኝ። ሆኖ የማያውቅ ነገር፣ ሁለታችንም እዚያው ምግብ ቤት ውስጥ...» አልጨረሰውም። በእጁ ፊቱን አሸት አደረገ። «እስከ ሕንፃው በር ሸኘሁት። ‹ትንሽ ልረፍ› አለኝ። ‹የኔነሽ ስትመጣ እነግራታለሁ። ተሸነፍን ስላት ደስ ይላታል። ግን እንዴት አድርገን እንደተሸነፍን ሳጫውታት የባሰ ደስ ይላታል› አለ። እየሳቀ ነው ሊፍት ውስጥ የገባው። ይኼን ልነግርዎት ነው ትናንትም የመጣሁት። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ።»

የኔነሽ ከደረቷ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተነስቶ ሲሄድ ተሰማት። እንግዲያው አልተዋረደም። እርግማኗንም ይዞት አልሄደም፤ ገና ሊያጫውታት፣ ሊያስቃት ነበር ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። ጠግቦ ነው የሞተው። ስቆ ነው። በር የሚሰብርበት ሳይኖር፣ በገዛ ቤቱ።

«አስማማው!» አለች።

ድምፁ ከየት እንደመጣ ራሷም አላወቀችም። ወፍራምና ሸካራ ነበር። «አስማማው! ወንድሜ! ይመር! ይመርዬ!» ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ለቅሶ ተከፈተ። ሥርጉት ትሪውን ረግጣ መጥታ አቀፈቻት። ሴቶቹ ተነስተው ተቀበሏት። ጸዮን እናቷን እንዲህ ሆና አይታ አታውቅምና ደንግጣ፣ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፍቶባት፣ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። በክፍሉ ጥግ ያሉ ወንዶች ሽፈራውን ጨምሮ ጮክ ብለው አለቀሱ። ከታችኛው ፎቅ አንድ ሰው ጣሪያውን አንኳኳ። ዶሮቲ ከዘራቸውን አንስተው ወለሉን መልሰው አንኳኩበት።

ለቅሶው ሲበርድ የኔነሽ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ግን ትከሻዋ ወርዷል። ከሻዩ ጠጣች። የዶሮቲን ሳንዱች አንድ አንስታ፣ ምን እንዳለበት ሳታይ፣ በላች። ጸዮን እጇን ይዛ ከጎኗ ተቀምጣለች።

ሽፈራው ሊሄድ ተነሳ። የኔነሽም ተነሳች። ሐዘንተኛ ለቀስተኛ አይሸኝምና ሥርጉት ክንዷን ልትይዛት ስትል፣ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቆመቻት። በካልሲዋ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ጎን ለጎን ሆነው ሳይነጋገሩ እስከ ሊፍቱ ሄዱ። ቁልፉን እሷ ነካችው። ከላይ ሲወርድ እየተንገጫገጨ ይሰማል።

«ዝናብ አለ?» አለችው።

«ትንሽ ያካፋል።»

በሩ ተከፈተ። ሽፈራው ገብቶ ወደ እሷ ዞረ። የካፖርቱ ኮሌታ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። የኔነሽ የሊፍቱን በር በትከሻዋ ይዛ፣ እጇን ሰደደችና ኮሌታውን አወጣችው፤ ዘረጋችው፤ በሥራ ጠዋት በር ላይ ለአስማማው ታደርገው እንደነበረው በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስተኛችው። ከዚያ ቀና ስትል የማን ፊት እንደሆነ አየች። እጇን ግን ቶሎ አላነሳችውም።